አንኮበር ለምን ትንሽ ከተማ ሆና ቀረች? (መልክዓ ምድሯ፣ ታሪኳና ሕዝቧ)

የጉም አገር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለመድረኩ ታዳሚዎች። አንኮበር በተነሳች ቁጥር አብዛኛው ሰው «የምኒልክ ከተማ» ይልና ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራል። እኔን ለረጅም ጊዜ ሲያብሰለስለኝ የኖረው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ መልእክተኞች በረሃ አቋርጠው የደረሱባት ከተማ እንዴት ዛሬ የአንድ ወረዳ መቀመጫ ብቻ ሆና ቀረች?

ለማያውቃት ሰው ባጭሩ፦ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ደብረ ብርሃን ስትደርሱ ወደ ምሥራቅ ትታጠፋላችሁ። ከዚያ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወረዳው በሰሜን ከጣርማበር፣ በምዕራብ ከባሶና ወራና፣ በደቡብ ከአሳግርት ይዋሰናል፤ በምሥራቅ በኩል አፋር ክልል ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የወረዳው ሕዝብ 76 ሺህ 500 ገደማ ነበር። ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከመቶ ስምንት ያህሉ ብቻ ነው፤ ሌላው ገበሬ ነው።

የማውቃቸው ሰዎች ግማሾቹ «ምኒልክ ጥለዋት ሄዱ፣ በቃ» ይላሉ። ሌሎቹ ጥፋቱን በመሬቱ ያሳብባሉ። እናንተ ምን ትላላችሁ? ካርታ የምታነቡ፣ ሰነድ የምታገላብጡ፣ የአገሩ ልጆችም የሆናችሁ ብትሳተፉ ደስ ይለኛል። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ብንጠቀም አንደናገርም።

---

ካርታ አንባቢ

ወንድሜ የጉም አገር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ ከመሬቱ ልጀምር፤ አንኮበርን የሠራት መሬቱ ነውና።

አንኮበር የቆመችው በደጋው ጠርዝ ላይ ነው። ጠርዝ የምለው ቀልድ አይደለም። ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ባለው አምባ ላይ የወደቀ ዝናብ በበሬሳ አድርጎ ወደ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ደግሞ ወደ ዓባይ ይወስደዋልና መጨረሻው ሜድትራኒያን ባሕር ነው። ከጠርዙ በምሥራቅ የወደቀው ግን በአይራራና በመሰሎቹ ወንዞች ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ባሕር ሳያይ አፋር ምድር ውስጥ ባሉ ሐይቆች ይቀራል። ሁለት ጎረቤታሞች እርሻቸው በአንድ ሸንተረር ተለያይቶ የአንዱ ውሃ ወደ ግብፅ፣ የሌላው ወደ አፋር ይሄዳል ማለት ነው።

አሮጌው ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከበላዩ ያሉት ተራሮች ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋሉ። ከከተማው ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሰዓት በእግር ቁልቁል ብትወርዱ ደግሞ ወደ 1 ሺህ ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ትታችሁ አሊዩ አምባ ትደርሳላችሁ። ውርጭ፣ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ተደራርበዋል። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ወረድ ሲል ስንዴና ጤፍ፣ ከዚያ በታች ማሽላ ይበቅላል።

ለንጉሥ ይህ ቦታ ሦስት ነገር ሰጥቶታል። ከቆላው የሚመጣውን ሁሉ ከሩቅ ያያል። ወባ አይደርስበትም። ከደጋው በኩል የሚመጣ ጠላትም በጠባብ ሸንተረር ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ለከተማ ግን ያው ቦታ እስር ቤት ነው። ቤት የሚሠራበት ሜዳ የለም። የእንጨትና የውሃ አቅርቦቱ ውስን ነው። መቶ ቤት ለመጨመር የገበሬ ማሳ መንካት ያስፈልጋል፤ ማሳውም ራሱ በድንጋይ እርከን ተደግፎ የቆመ ነው።

ስለዚህ የእኔ መልስ፦ አንኮበር የተመረጠችው ለመጠበቂያነት ነው። መጠበቅ የማያስፈልግበት ዘመን ሲመጣ ምክንያቷ አለቀ።

---

ቆላ ወረድ

ሰላም። እኔ የታችኛው አገር ልጅ ነኝ፣ ከአሊዩ አምባ። ካርታ አንባቢ የጻፈውን ሁሉ እቀበላለሁ፤ አንድ ነገር ግን ይቀረዋል። አንኮበር ብቻዋን ከተማ ሆና አታውቅም። ከላይ ግቢው፣ ከታች ገበያው፤ ሁለቱ አንድ ከተማ ነበሩ። ታሪክ ሲጻፍ ግን የላይኛው ብቻ ይጻፋል።

ከታጁራ (ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለችው የባሕር ወደብ) የተነሳ ቅፍለት፣ ማለትም የነጋዴ ጓድ፣ ጨዉን ከአሳል ሐይቅ ጭኖ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ አዋሽን ተሻግሮ በፋሬ በኩል ይመጣል። ፋሬ የንጉሡ ኬላ ነበር። ከዚያ አሊዩ አምባ ይገባል፤ ግመሉም እዚያ ያበቃል። ግመል ያን ዳገት አይወጣም። ከአሊዩ አምባ ወደ ላይ ጭነቱ በአህያ፣ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነው የሚሄደው። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስ በ1833 ዓ.ም. ሲመጣም ዕቃውን እስከ ላይ ያወጣው የአገሬው ሰው በሸክም ነው።

ስለዚህ የሐረር ነጋዴ፣ የአፋር ባለግመል፣ የአርጎባ ሸማኔ፣ የደጋው ባለገብስና ባለማር የሚገናኙት ንጉሡ ደጅ ላይ አይደለም፤ አሊዩ አምባ ዓርብ ገበያ ላይ ነው። ቡና፣ ጥጥ፣ ጨው፣ በቅሎ፣ ቡልኮ፣ የውጭ ጨርቅ፣ የመዳብ ሽቦ፣ ማርትሬዛ ብር፣ ሁሉም እዚያ ነበር። ንጉሡ ቀረጡን ይሰበስባሉ። የቆላውን አገር የሚያስተዳድሩት ደግሞ ወላስማ መሐመድ ነበሩ፤ «ወላስማ» ከጥንቱ የይፋት ሱልጣኖች ጀምሮ የወረደ ማዕረግ ነው። የክርስቲያኑ ንጉሥ የምሥራቅ በሩን የሚያስጠብቀው በእስላም ባላባት ነበር ማለት ነው፤ የመንግሥቱን እስረኞች የሚጠብቁትም እኚሁ ወላስማ ናቸው፣ ጎንቾ ላይ።

ዛሬም መንገዱን በእግር የወረደ ሰው ይህን ያየዋል። ከላይ ስትነሱ ጋቢ ደርባችሁ ነው። ጥዱና የገብሱ እርከን ከኋላችሁ ይቀራል፤ ከዚያ ወይራ፣ ከዚያ ቁልቋል፣ ከዚያ ግራር ይመጣል፤ ጋቢውም ትከሻ ላይ ይታጠፋል። ከላይ የቤተ ክርስቲያን ደወል የሰማ ጆሮ ከታች አዛን ይሰማል። ይህን መንገድ ያላወቀ ሰው አንኮበርን አውቃለሁ ቢል እኔ አላምነውም።

---

የጉም አገር

ቆላ ወረድ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን አንድ የመጽሐፍ ምዕራፍ ያህል ነው የቆጠርኩት። አንድ ነገር ግን ልጠይቅ፤ በዚያ ገበያ የሰው ንግድም እንደነበር ሰምቻለሁ። ይህንስ እንዴት እንጻፈው?

---

ቆላ ወረድ

እንዳለ ነው የሚጻፈው። ከአሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል በምትባል መንደር ባሪያ ይሸጥ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ልጆች፣ በዚያ አልፈው ወደ ባሕሩ ይነዱ ነበር። ቤተ መንግሥቱም ከንግዱ ቀረጥ ይወስድ ነበር፤ ግቢው ውስጥም ባሪያዎች እንጨት ይፈልጡ፣ ውሃ ይቀዱ፣ እህል ይፈጩ ነበር። ስለ ቡናውና ስለ ጨርቁ በኩራት አውርቼ ይህን ብዘል ለእነዚያ ሰዎች ሁለተኛ በደል ነው የሚሆነው። የሠሩት ሥራ በዚያ ኮረብታ ላይ አለ፤ ስማቸውን የጻፈ ግን የለም።

---

ሰነድ ፈላጊ

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁ ጥሩ ይዟል። እኔ ስለ ዘመኑና ስለ ሕዝቡ ቁጥር ልጨምር።

የሸዋ መሳፍንት ከመንዝ ተነስተው ወደ ይፋት ሲስፋፉ መቀመጫቸውን እያዛወሩ ነው የመጡት። አንኮበርን ዋና መቀመጫ ያደረጓት መርዕድ አዝማች አምኀ ኢየሱስ ናቸው። ልጃቸው አስፋ ወሰን በዚያው ጸኑ። የልጅ ልጃቸው ወሰን ሰገድ ግን ቁንዲን መረጡና የተገደሉትም እዚያው ነው። ሣህለ ሥላሴ በ1805 ዓ.ም. ሲይዙ ወደ አንኮበር ተመለሱ፤ እስከ 1840 ዓ.ም. ድረስም ገዙ። እንዲህ ስንል ግን ንጉሡ ዓመቱን ሙሉ አንኮበር ይቀመጣሉ ማለት አይደለም። አንጎለላን ሁለተኛ ከተማ አድርገው ቆርቁረዋል፤ ደብረ ብርሃንም ይከርማሉ። ዳግማዊ ምኒልክም የተወለዱት አንጎለላ ነው። ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ውል እንኳ በኅዳር 1834 ዓ.ም. የተፈረመው አንኮበር ላይ ሳይሆን አንጎለላ ላይ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በዚያ ዘመን የመጡት አውሮፓውያን የአንኮበርን ሕዝብ ከ10 ሺህ በላይ ይገምቱ ነበር። ይህን ይዘው «ያኔ ከዛሬው የሚበልጥ ከተማ ነበረች» የሚሉ ሰዎች አሉ። ቁጥሩ ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ምን እንደተቆጠረ መጠየቅ አለበት። ንጉሡ ሲገቡ መኳንንቱ፣ ጭፍራው፣ ባለ ጉዳዩ፣ አገልጋዩ፣ ካህናቱ ሁሉ ይገባሉ፤ ንጉሡ ሲነሱ አብዛኛው አብሮ ይነሳል። የከተማዋ ቁጥር ከንጉሡ እግር ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል። ይህ በእኛ አገር የመናገሻ ከተሞች ሁሉ ጠባይ ነው።

ሌላው ነገር የቤቱ አሠራር ነው። ግቢውም የሰዉም ቤት በእንጨት የተማገረ፣ በጭቃ የተመረገ፣ በሣር የተከደነ ነበር፤ ዙሪያው በእንጨት አጥር ተደርቦ ተደርቦ ይታጠራል። እንዲህ ያለ ከተማ ሰው ሲለቀው በጥቂት ክረምት ወደ አፈር ይመለሳል። በአሮጌው የግቢ ኮረብታ ላይ ዛሬ የምታዩት የድንጋይና የኖራ ግንብ ከምኒልክ ዘመን የተረፈ ነው፤ ከሣህለ ሥላሴ ግቢ ለዓይን የሚሞላ ነገር የለም። ፍርስራሽ ስላላየን ከተማ አልነበረም እንዳንል፣ መጻሕፍት ስለተረፉም ሎንዶን ነበረች እንዳንል።

---

የጥበበኛ ዘር

ጋሼ ሰነድ ፈላጊ፣ እርስዎ ካህናቱንና ጭፍራውን ቆጠሩ፤ ባለ እጆቹስ? አንኮበር ዙሪያ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ቆዳ ፋቂው ነበር። ለጦሩ ጎራዴና ጦር፣ ለግቢው ገንቦና ምጣድ፣ ለመኳንንቱ ሸማ የሚያቀርበው እሱ ነው። ይህ ሕዝብ ርስት ተነፍጎ፣ ቡዳ ተብሎ እየተፈራ የኖረ ነው። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ብዙው ተከትሎ ሄደ። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉት ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች ውስጥ ዘራቸውን ከሰሜን ሸዋ የሚቆጥሩ ብዙ ናቸው።

ለእኔ ከተማዋን ትንሽ ያደረጋት አንዱ ይህ ነው። ንጉሥ ሄዶ ባለ እጅ ቢቀር ከተማ ትቀጥላለች። ሁለቱም ሲሄዱ የቀረው ግብርና ብቻ ሆነ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ለእጅ ሥራ የነበረው ዓይን ከባድ ነበር። በሣህለ ሥላሴ ዘመን አንድ የውጭ አገር ሰው የውሃ ወፍጮ ተክሎ ነበር፤ ካህናቱ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ተቃወሙና ቆመ። ያ ወፍጮ ቢቀጥል ኖሮ የስንት ሴት ትከሻና ጉልበት ይተርፍ ነበር!

---

የአርበኛ የልጅ ልጅ

እህቴ የጥበበኛ ዘር የጻፍሽው ልክ ነው። ግን «ምኒልክ ጥለዋት ሄዱ» የሚለውን ወሬ እኔም አልወደውም። ንጉሥ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ሲመጡ የአባታቸውን ዙፋን የያዙት በአንኮበር ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ግምጃ ቤታቸውም፣ መሣሪያቸውም እዚያ ነበር። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1871 ዓ.ም. መጥቶ የተቀበሉት እዚያ ነው። የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች ሲመጡም ከከተማዋ አጠገብ ሌት ማረፊያ የተባለውን ቦታ ሰጥተዋቸዋል። ሰው የሚጠላውን ቦታ ለሃያ ዓመት ማዕከል አያደርግም።

የሄዱት መንግሥቱ ስለሰፋ ነው። ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲስፋፉ አንኮበር ከመሐል ወደ ዳር ወጣች።

---

ካርታ አንባቢ

የአርበኛ የልጅ ልጅ ያነሳው ነጥብ ላይ አንድ ዓመት ብቻ ላስቀምጥና ፍረዱ፤ 1879 ዓ.ም.።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ታኅሣሥ 29 ቀን የጨለንቆ ጦርነት ሆነና ሐረር በምኒልክ እጅ ገባች። ሐረር ስትያዝ ወደ ባሕር የሚወስደው ዋና መንገድ ወደ ደቡብ ዞረ። ከዚያ በኋላ የታጁራን በረሃ የሚመርጥ ነጋዴ ምን ይፈልጋል?

አሁን ደግሞ በዚያው ዓመት ጥር መጨረሻ አንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ ከታጁራ ተነስቶ፣ በረሃውን ወራት ፈጅቶ አቋርጦ፣ ጠመንጃ ጭኖ አንኮበር ደረሰ። ገጣሚው አርቱር ራምቦ ነው፤ ሐረር ቤቱን የምናውቀው ሰው። ደንበኛው ንጉሥ ምኒልክ ግን አንኮበር የሉም። ሒሳቡን ለማግኘት እስከ እንጦጦ መሄድ ነበረበት። የተመለሰውም በመጣበት መንገድ ሳይሆን በሐረር ነው። የአንኮበር መንገድ የሞተበትን ጊዜ በዓይን ያየ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ቀጥሎ ያለውን ታውቁታላችሁ። ያው የአርበኛ የልጅ ልጅ የጠቀሰው ኢልግ በ1886 ዓ.ም. የባቡር ሐዲድ ፈቃድ ተቀበለ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በጠላት ወረራ ጊዜ የተሠራው የደሴ መኪና መንገድ ደግሞ በደብረ ብርሃን አድርጎ በጣርማበር ዋሻ ወደ ቆላ ወረደ። ባቡሩ በደቡብ፣ መኪናው በሰሜን፤ አንኮበር በሁለቱ መካከል ቀረች። ደብረ ብርሃን ስታድግ እሷ የቆመችው በዚህ ነው።

---

ቆላ ወረድ

ይኸው ነው! አሊዩ አምባም አብራ የወደቀችው ለዚህ ነው። አሊዩ አምባ ላይ ንጉሥ ተቀምጦ አያውቅም፤ ስለዚህ ንጉሥ ሄደባት ማለት አይቻልም። ንግዱ ሲዞር ግን ወዲያው ተጎዳች። ጥፋቱ የንጉሡ መሄድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያዋ ይቀጥል ነበር። ሁለቱን ከተሞች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ምክንያቱ መንገዱ እንደሆነ ያያል። የላይኛዋን ብቻ ያየ ሰው ግን ሁሌም ቤተ መንግሥቱን ያለቅሳል።

---

ጎረቤላ

እኔ የምኖረው እዚያው ነው፤ ስለ ዛሬው ልናገር። መጀመሪያ ለእንግዳ ሰው ግልጽ ይሁን፤ አሁን ወረዳው፣ ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ ያለው ጎረቤላ ነው። አሮጌው አንኮበር ከዚያ ዝቅ ብሎ በግቢው ኮረብታና በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ነው ያለው፤ ኪዳነ ምሕረት፣ መድኃኔዓለም፣ ሚካኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ። ስሙ አንድ ነው፣ ሰፈሩ ግን ሁለት። እንግዳ መጥቶ ጎረቤላ ላይ ቆሞ «ቤተ መንግሥቱ የታል?» ይላል።

ሕዝቡን በተመለከተ፦ አብዛኛው አማራ፣ አብዛኛው ኦርቶዶክስ ነው። ወደ ቆላው አርጎባዎች አሉ፤ እስላሞች ናቸው፤ በሽመናና በንግድ የታወቁ ናቸው። ዘመድ አዝማድ ተደባልቋል፤ ገበያው አንድ ነው፤ ሐዘንና ደስታ ይጠራራል።

ኑሮው ከባድ ነው። ከላይኛው ቀበሌ ያለ ገበሬ የበልግ ዝናብ ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው። የካቲትና መጋቢት ዝናቡ ከቀረ በልግ ገብስ የለም። ክረምቱ ጥሩ ሆኖ እንኳ ኅዳር ላይ ውርጭ ባቄላውን ሊመታው ይችላል። አንድ አባት ለአራት ልጆች ሊያካፍለው የሚችለው ማሳ የለውም። ስለዚህ ወጣቱ አሥረኛን ወይም አሥራ ሁለተኛን እንደጨረሰ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። የጉም አገር «ከመቶ ስምንት ከተሜ» ያለው ቁጥር ውስጥ ይህ አይታይም። የእኛ ከተሜዎች ብዙዎቹ የሚቆጠሩት ሌላ ከተማ ነው።

እና አንድ ልመና አለኝ። የግቢው ኮረብታ ላይ የቀረውን ግንብ ሰው ይወጣበታል፣ ስሙን ይጭርበታል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ነቅሎ ይወስዳል። ግንቡን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት በኖራ የተያያዘ ያልተጠረበ ድንጋይ ነው፤ ኖራው ዝናብ በገባበት በኩል በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አንድ ድንጋይ ሲነሳ ከላይ ያሉት ሦስት አራቱ ይላላሉ። የቀረችን ያቺ ናት። ልጆቻችሁን ስትልኩ ይህን ንገሩልኝ።

---

ወፍ ወዳጅ

ሰላም፣ ዘግይቼ ደረስኩ። ሁላችሁም ስለ ነገሥታት ስታወሩ አንዲት ነዋሪ ተረሳች። አንኮበር ሴሪን የምትባል ቡናማ፣ ደረቷ ጭረት ጭረት ያላት ትንሽ ወፍ አለች። በሳይንስ ዓለም የታወቀችው በቅርቡ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ተገኝታ በ1979 ስም ወጣላት። የምትገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ የከተማዋን ስም ይዛ በዓለም የወፍ መጻሕፍት ሁሉ ገብታለች። የምትኖረው ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ድንጋያማና ቁጥቋጦ ባለበት ነው። ከተማዋ ብትቀንስም ይቺ ወፍ በየዓመቱ ከሩቅ አገር ሰው ታመጣለች።

ወደ ሰሜን ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን አለ። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው ገና አለ። በሰሜን ሸዋ ከተረፉት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ጋሼ ሰነድ ፈላጊ ያሉትን የእንጨት አጥር ሳስብ፣ ያ ሁሉ ግቢ ለዘመናት ሲታጠርና ሲማገድ ምን ያህል ደን እንደበላ እገምታለሁ። ገደሉ ላይ ጭላዳዎችም አሉ፤ ሣር እየጋጡ መንጋቸው ከበግ ጋር አንድ መስክ ላይ ይውላል።

ሌት ማረፊያም የተጠቀሰው ጥሩ ነው። የዚያ ልዑክ መሪ ማርኬዝ አንቲኖሪ የወፍ ተመራማሪ ነበር። ቦታው ላይ ሆኖ አእዋፍን ሲሰበስብ ኖሮ በነሐሴ 1874 ዓ.ም. እዚያው ሞተ፤ መቃብሩም እዚያው ነው።

---

የአርበኛ የልጅ ልጅ

ወፍ ወዳጅ፣ ይህን ስትጽፍ አንድ ነገር ልጨምር። ያንን የሳይንስ ማረፊያ የሰጠናት አገር አድዋ ላይ ገጠመችን፤ ከአርባ ዓመት በኋላም መርዝ ይዛ ተመልሳ መጣች። በ1928 ዓ.ም. በተጀመረው ወረራ ያ ገደላገደል የሸዋ አርበኞች መሸሸጊያ ነበር፤ ራስ አበበ አረጋይ የተንቀሳቀሱበት አገር ነው። ካርታ አንባቢ መጀመሪያ ላይ «መጠበቅ የማያስፈልግበት ዘመን ሲመጣ ምክንያቷ አለቀ» ብሎ ነበር። እነዚያ አምስት ዓመታት ይህን አይቀበሉም። ከተማነቷ ቢያበቃም ገደሉ ሥራውን አልተወም።

---

ካርታ አንባቢ

በዚህ ላይ አልከራከርህም፤ አምባ ለከተማ ባይመችም ለሽምቅ ይመቻል። ወንድሜ የጉም አገር፣ አንድ ምክር ብቻ፦ ይህን ሁሉ ወደ ጽሑፍ ስትቀይረው በ«አቀማመጥ»፣ «ታሪክ»፣ «ሕዝብ» ብለህ አትከፋፍለው። ውሃውን ወደ ዓባይና ወደ አዋሽ የሚከፍለው ሸንተረር ከሌለ ጠርዙ የለም፤ ጠርዙ ከሌለ ኬላውና ገበያው የለም፤ ገበያው ከሌለ ንጉሡ አይቀመጡም። ለየብቻ ከጻፍከው የወረዳ ጽሕፈት ቤት መግለጫ ይሆንብሃል።

---

የጉም አገር

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቆላ ወረድ፣ እኔ አሁን የምጀምረው ከአሊዩ አምባ ነው፤ መንገዱን ተከትዬ ወደ ላይ እወጣለሁ እንጂ ከግቢው አልወርድም። አንድ ነገር ልለምንህ፦ በመንገዱ ላይ ያሉት ማረፊያዎች፣ ምንጮችና መታጠፊያዎች ስም አላቸው። ካርታ ላይ አይገኙም። አዛውንቶቹ ሳያልፉ ብትጠይቅልኝስ?

---

ቆላ ወረድ

እሺ፣ በደስታ። ከታች በኩል ያለውን እኔ እጠይቃለሁ፤ ሸማኔዎቹ ጋ ብሄድ ያውቁታል፣ ቡልኮ ተሸክመው ሲወጡበት የኖሩ ናቸው። ከመሐል ዳገቱ በላይ ያለውን ግን የደጋው ሰው ነው የሚያውቀው። ጎረቤላ፣ አንተ ከላይ ጀምር፤ እኛ ለአንዱ ምንጭ የምንሰጠው ስምና እናንተ የምትሰጡት ከተለያየ ሁለቱም ይጻፍ።

---

ጎረቤላ

ተስማምተናል። የገበያ ቀን ከሚወርዱት ጋር አብሬ እወርዳለሁ፤ ሰው ስሙን ጭነት ይዞ ሲያርፍ ነው የሚጠራው፣ ቤት ተቀምጦ አያስታውሰውም። ክረምት ሳይገባ ቢሆን ይሻላል፤ ዝናብ ሲጀምር ያ መንገድ በበቅሎም አያስኬድም።